ሦስት ክኒን በማር

ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 1977

ዛሬም አልፈረመችም። እኔም ዛሬም ለመንኳት፣ ዛሬም አፍሬ ተመለስኩ።

እህቴ አስቴር ከታሰረች ዘጠኝ ቀኗ። ያሰሯት ከቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው የበቆሎ መጋዘን ውስጥ ነው። አብረዋት የገቡት ሁለት ሴቶች ፈርመው ወጥተዋል። ጥፋቷ ቤቷ ሰው ሰብስባ መጸለይዋና ልጆችን መዝሙር ማስተማሯ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ሦስት ዓመት አለፈው፤ እሷ ግን የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጋ ሳሎኗን ቤተ ክርስቲያን አደረገችው።

ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ሦስት መስመር ነው። አልሰበሰብም፤ አላስተምርም፤ እሑድ ስብሰባ ላይ ግራ እጄን አንስቼ መፈክር አሰማለሁ። ከታች ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።

ሊቀመንበሩ ጋሽ በቀለ ክፉ ሰው አይደለም። ድሮ ቆዳ ነጋዴ ነበር፣ ጎረቤታችን ነው። መንገድ ላይ ሳገኘው ጋሽ በቀለ እለዋለሁ፣ ቢሮው ስገባ ጓድ ሊቀመንበር። ዛሬ ጓድ ሊቀመንበር ሆኖ ነው ያናገረኝ። ዓርብ ከአርባ ምንጭ መኪና ይመጣል፣ እስከዚያ ያልፈረመ ይጫናል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ይወጣል አለኝ። ባለፈው ዓመት የተጫኑት ሁለት ሰዎች እስከ ዛሬ ወሬያቸው አልተሰማም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

በመጋዘኑ በር ክፍተት ጣቶቿን ሰጠችኝ። በረዶ ሆነዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። እህል አልወርድ ብሏታል፣ እንቅልፍም የላትም። «ፈርቻለሁ፣ ዳዊት» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ብዙም አልተናገረች። ፈርመሽ ውጪ ስላት ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች፣ ወዲያው ደግሞ በእንቢታ ትነቀንቃለች።

ጤና ረዳት ነኝና እንደ ጤና ረዳት አሰብኩ። ይህቺ ሴት እንቢተኛ አይደለችም፣ ደንግጣ ነው። የደነገጠ ሰው ምክር አይሰማም። ትንሽ ብትረጋጋ ትሰማኛለች።

ይህን ስጽፈው ልክ ይመስላል።

ነገ የምወስድላት፦ ሹራብ፣ ሳሙና፣ ነጠላ።


ማክሰኞ

ክኒኑን ወሰድኩ።

ጤና ጣቢያችን ውስጥ የማረጋጊያ ክኒን የሚቀመጠው በተቆለፈው ቁምሳጥን ነው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ሦስት ፍሬ ዳያዜፓም። መዝገቡ ላይ የአንዲት የአልዱባ እናት ስም ጻፍኩ፤ የእግራቸውን ቁስል ለማሳሸግ የሚመላለሱ ሴትዮ ናቸው። «እንቅልፍ ስላጡ» ብዬ ምክንያቱንም ሞላሁ። እሳቸው እንቅልፍ አላጡም። ዛሬ የአልዱባ ገበያ ነው፣ ይህን ጊዜ ማሽላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እኔ እዚህ በስማቸው እሰርቃለሁ።

ክኒኑ ሥራውን ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ትከሻው የወለቀ ጎልማሳ መጥቶ ነበር፣ ሦስት ሆነን ብንይዘው አላስነካ አለ። ሁለት ፍሬ ሰጥተነው ትንሽ ቆይቶ ራሱ እጁን ዘረጋልን። በእኛ ሙያ ጸጥ ያለ ሰው እሺ ያለ ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ እያሰብኩ ሠርቻለሁ።

ደግሞ በማር መስጠቱን የተማርኩት ከራሷ ከአስቴር ነው እያልኩ እጽናናለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ስድስቷ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወባ ሲይዘኝ ያን መራራ ክኒን በማር ለውሳ ታጎርሰኝ ነበር።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ። እኔ ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አለቃዬ ቢሮ ጠራኝ፣ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ፈርሜ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እሑድ ስብሰባ ላይ ግራ እጄን ሳነሳ አስቴር ከኋላ ቆማ ታየኝ ነበር። አንድም ቀን አላነሳችብኝም። በዚያው ሳምንት አዲስ ጋውን ሰፍታ ሰጠችኝ፣ ኪሱ ላይ ስሜን በቀይ ክር ጠልፋ።

እንድትፈርም የምፈልገው እንዳትጫን ነው። ይህ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ፦ እሷም ብትፈርም እኔ ብቻዬን የፈረምኩ አልሆንም።


ረቡዕ

ባለቤቴ ወይንሸት ጠዋት የቡላ ገንፎ አገነፋች። ለአስቴር ነው፣ ማሩንና ቅቤውን እኔ አደርግበታለሁ አልኳት። ደስ አላት፤ ማጀት ገብቼ አላውቅም። ክኒኖቹን በማንኪያ ጀርባ ደቁሼ ማሩ ውስጥ አሟሟሁ። ማሩን አንድ ቦታ ማፍሰስ አይቻልም፣ ገንፎው ውስጥ በደንብ ማዋሐድ አለብኝ። ጠባቂው ስለሚያስቀምስ ምሬቱ አንድ ጉርሻ ላይ መሰብሰብ የለበትም።

ጠባቂው ጋልታ የሚባል የአሪ ሰው ነው፣ አብዮት ጥበቃ። ስንቅ ያመጣ ሰው ፊቱ ቆሞ ይቀምሳል፣ ደንቡ ነው። ሌላው ጠባቂ አንዴ ቀምሰህ ግባ ይላል። ጋልታ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። «ከዚህም ብላ። ከዚህም። ከሥርም» እያለ አምስት ጉርሻ አበላኝ። አምስተኛውን ስውጥ ምላሴ ላይ ትንሽ ምሬት ቀረ። ጋልታ ፊቴን አየ፣ እኔም ማሩ የጫካ ነው አልኩት። ለእህቴ መድኃኒት ደብቄ ሳስገባ ለጋልታ ደግሞ ዋሸሁ። የዛሬው ውሸቴ ስንት እንደደረሰ አልቆጠርኩም።

አስቴር ሳህኑን ተቀብላ መብላት ስትጀምር አይቼ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ነበረው። ረቡዕ ረቡዕ ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ሆነብኝ፤ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሁልጊዜ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ማጨብጨብ ከሚጀምሩት አንዱ ነኝ። ዛሬ ኋላ ተቀመጥኩ። ትከሻዬ ላላ፣ ሆዴ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቋጠረው ነገር ተፈታ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እጆቼ ጭኔ ላይ ተኝተዋል። አለቃዬ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ያ አስተያየት አንድ ሳምንት ያሳስበኝ ነበር። አሁን ግን አየኝ፣ አየሁት፣ አለቀ። የሚናገሩትን በደንብ እሰማለሁ። ነገር ግን እሺ የሚላቸው ሰውዬ እኔ ውስጥ አልነበረም።

ያኔ ገባኝ። ተቀምጬ ገባኝ። እኔ ሁልጊዜ ስነቀንቅ የሚነቀንቀው ፍርሃቴ ነበር። ክኒኑ ሰውን እሺ አያሰኝም። እሺ የሚያሰኘውን ነገር ነው የሚወስደው። ትከሻው የወለቀው ሰው እጁን የዘረጋው መዳን ስለሚፈልግ ነው፤ ክኒኑ ሕመሙን መፍራቱን ብቻ ነው ያነሳለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አላየሁም።

አምስት ጉርሻ እኔን እንዲህ ካደረገኝ ሳህኑን የጨረሰችው እህቴስ? ሮጬ መሄድ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። መድኃኒቱ አላስሮጠኝም፤ ቀስ ብዬ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ሜዳ አቋርጬ ሄድኩ፣ የሚግጡትን ላሞች እያየሁ።

ጋሽ በቀለ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ጠቁሯል። «ምን አድርገሃት ነው?» አለኝ። ያወቀ መስሎኝ ነበር። አላወቀም። መክረሃት ነው ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ጠዋት አስቴር በጋልታ በኩል ልካ ነበር፦ እፈርማለሁ ብላ። ጋሽ በቀለ አልዱባ ገበያ ለስብሰባ ሄዶ ስለነበር ሲመለስ ለዛሬ ቀጠራት። ለእኔም ሊነግረኝ አስቦ መሽቶበት ቀረ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ጠራት፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ሳይቀር ከፍቶ ሰጣት። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የልጁ ዩኒፎርም ጫፉ ሳይታጠፍ መቅረቱን አስታወሰችውና ይቅርታ ጠየቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ አልፈርምም አለችው። ጮኸባት። ጩኸቱን እስኪጨርስ ጠበቀችና ደግማ አልፈርምም አለችው። አንድ ጊዜ እንደውም አዛጋች አለኝ። የከነከነው ማዛጋቷ ነው።

ልትፈርም ነበር። ዛሬ ማታ ቤቷ ልታድር ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ በገዛ እጄ፣ በማንኪያ ጀርባ።


ሐሙስ

ልነግራት ሄጄ ሳልነግራት መጣሁ።

ክኒኑ ለቋታል። ጣቶቿ እንደገና ይንቀጠቀጣሉ። ፊቷ ግን ሌላ ነው። በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ በሹክሹክታ ታወራኝ ጀመር፣ እንደ ልጅነታችን። ማክሰኞ ልፈርም ቆርጬ ነበር አለችኝ፣ አንተንም አላሳፍርህ ብዬ፣ መኪናውንም ፈርቼ። ረቡዕ የወይንሸትን ገንፎ በልቼ ቁጭ እንዳልኩ ሰላም ወረደልኝ አለችኝ። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ። አሥራ አንድ ቀን ለምኜ ያጣሁት ሰላም። ጌታ ሰማኝ አለች፣ እያለቀሰችም ሳቀች።

እኔ ደግሞ እሰይ አልኩ። አፌ «እሰይ» አለ። ከዚህ የባሰ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ብነግራት ምናልባት ትፈርማለች፣ ትወጣለች። ግን ያን ሰላሟን እወስድባታለሁ። ባልነግራት በሦስት ክኒን ተሳፍራ አርባ ምንጭ ልትወርድ ነው። ሁለቱንም አልቻልኩም።

ዛሬ የአልዱባዋ እናት እግራቸውን ሊያሳሽጉ መጡ። መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ ቁስሉን ብቻ አየሁ።


ዓርብ

መኪናው አልመጣም። ላይኛው አገር ዘንቦ ወይጦ ወንዝ ሞልቷል፣ ወዲያ ማዶ ቆመዋል አሉ። እዚህ ጂንካም ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ጋሽ በቀለ እሑድ ከስብሰባው በፊት አንዴ ልጠይቃት፣ ከዚያ ወዲያ አልችልም አለኝ። ጋሽ በቀለ ሆኖ ነው ያናገረኝ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ።

ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት፦ ልንገራት። ከዚያ ለምን እንደምነግራት አሰብኩ። እንድትፈርም ከሆነ እውነቱም ያው ክኒኑ ነው፣ እሱንም በማር ለውሼ ላበላት ነው። እንዳትፈርም ከሆነ ደግሞ እኔ ማን ነኝ? ወይንሸት ምን ሆነሃል አለችኝ። ጉንፋን አልኳት። ይኸው ሌላ ውሸት።

ልብሷን ላጥብላት ብዬ ነጠላዋን አመጣሁ። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ነክሳ በስታዋለች። ከዚያ ወዲያ ማሰቡን ተውኩት። ነገ እነግራታለሁ። ለምንም አይደለም። ያደረግኩት ነገር ስለሆነና የተደረገው እሷ ላይ ስለሆነ ነው።


ቅዳሜ

ነገርኳት።

የገበያ ቀን ስለሆነ ግቢው ጭር ብሎ ነበር። ጋልታ ጀርባውን ሰጥቶን በቆሎ ይቆላል። ሁሉንም አንድ በአንድ አወራኋት። ቁምሳጥኑን፣ የአልዱባዋን እናት፣ ማንኪያውን። እሺ እንድትይ ብዬ ነው አልኳት። ለአንቺ ብዬ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ጣቶቿን ከክፍተቱ ወደ ውስጥ ሳበች። የሄደች መሰለኝ፣ ግን ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እኔ በማር ስሰጥህ መራራ ነገር አለበት ብዬ ነግሬህ ነበር።»

ልክ ናት። ሁልጊዜ ትነግረኝ ነበር። መራራ ነው፣ ዓይንህን ጨፍንና ዋጠው ትለኝ ነበር። እኔ ያስታወስኩት ማሩን ብቻ ነው።

አለቀስኩ። እሷ አላባበለችኝም። ስንት ፍሬ ነበር አለችኝ። ሦስት አልኳት። አንተንስ አስቀመሱህ ወይ አለችኝ። አምስት ጉርሻ አልኳት።

«ታዲያ አንተ ያን ቀን ፍርሃትህ ሲለቅህ ምን አልክ?»

አሰብኩ። አላጨበጨብኩም አልኳት። ሌላስ? ሌላ የለም። ላሞች እያየሁ ሄድኩ አልኳት።

ሳቀች። በእነዚህ አሥራ አራት ቀናት ያልሰማሁት የጥንቱ ሳቋ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከአንድ ሳህን ነው የበላነው። ክኒኑ የሚናገር ቢሆን ለሁለታችንም አንድ ነገር ባናገረን ነበር» አለች።

ይቅር አልኩህ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም። ስነሳ ግን ጠራችኝ፦ ነገ ጠዋት ምንም አታምጣልኝ፣ ቆሎም ቢሆን። ፍርሃቴን እንደያዝኩ ልግባ፣ የምለውን እኔ ልስማው። ምን ልትይ ነው እትዬ አልኳት። አላውቅም ዳዊት፣ በጣም ፈርቻለሁ አለችኝ። ቀጥሎ የሳበቻቸውን ጣቶች መልሳ ሰጠችኝ፣ ለአንድ አፍታ።


እሑድ፣ መጋቢት 8

ከስብሰባው በፊት ጠሯት። እኔ ደጅ ቆምኩ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ጀርባዋ ይታየኛል። ሹራቧ ላይ ሳይቀር መንቀጥቀጧ ይታያል። ጋሽ በቀለ ጠየቃት። አፏ ደርቆ ሁለት ጊዜ ጀምራ አቋረጠች። እስክሪብቶውን አነሳች። ትፍረም እያልኩ ነው፣ አትፍረም እያልኩም ነው፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድማ አስቀመጠችው። አልፈርምም ያለችው በማይሰማ ድምፅ ነው፤ ጋሽ በቀለ ምን አልሽ ብሎ አስደገማት። ወደ መጋዘኑ ስትመለስ ጋልታ ክንዷን ይዞ ደገፋት።

ጋሽ በቀለ እኔን አስገባኝና በሩን ዘጋ። ወይጦ ጎድሏል፣ መኪናው ዛሬ ከሰዓት ይገባል፣ ነገ ጠዋት ይነሳል አለኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ዞር አደረገው። አንተ ፈርምላት አለኝ። በስሟ። ማን ያያል፣ ፋይሉን እዘጋለሁ፣ ዛሬውኑ ይዘሃት ትሄዳለህ። የልጄን ልብስ የምትሰፋ ሴት ስትጫን ማየት አልፈልግም አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እስክሪብቶው እዚያው እሷ ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ነው።

በደንብ ልጻፈው፦ እጄ ሄዶ ነበር። ጣቶቼ እስክሪብቶውን ነክተውታል። እሷ ሳታውቅ፣ ለእሷ ብዬ፣ በእሷ ስም። የአልዱባዋ እናት ስም ላይ እንዳደረግኩት። በገንፎው እንዳደረግኩት።

«ጋሽ በቀለ፣ መጀመሪያ ልጠይቃት» አልኩ።

በዚያ ቢሮ ውስጥ ጋሽ በቀለ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ፍርሃቴ እንዳለ ነው፤ ዛሬ የቀመስኩት ነገር የለም።

በሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነገርኳት። ጋሽ በቀለ ያለውን ቃል በቃል፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ። ልፈርምልሽ ወይስ ልተወው፣ አንቺ ያልሽው ይሆናል አልኳት። መጀመሪያ ያለችው ነገር፣ «ጠየቅከኝ?» ነው።

ቀጥሎ አይሆንም አለች።

ተመልሼ አይሆንም ብላለች አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተውና ቆለፈበት። ለመኪናው ሰዎች ምን እንደሚላቸው አልነገረኝም። ታማለች ሊል ይችላል። ሊያስረክባትም ይችላል። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እናውቃለን።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄጄ መዝገቡን ከፈትኩ። የአልዱባዋን እናት ስም ሰርዤ አጠገቡ የራሴን ስም ጻፍኩ። የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ለበሽተኛ አልተሰጠም። ቀንና ፊርማ። አለቃዬ ሰኞ ያየዋል። እፈራለሁ።

ለወይንሸትም ነገርኳት። እስካሁን አላናገረችኝም። ቡላውን ግን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኛለች። ነገ ጠዋት የአስቴርን ገንፎ እኔ አገነፋለሁ። አገነፋፉን በደንብ አላውቅበትም። ማርና ቅቤ ብቻ ነው የሚገባበት፤ ጋልታ ከፈለገ ግማሹን ያብላኝ።